መሃል ላይ የምትወድቀው ላባ

ጠዋት ሥራ ስገባ መጀመሪያ የማደርገው ውሃ ማፍላት ነው። ለሻይ አይደለም፤ ለላባ ነው። ባድሚንተን የሚባለውን ጨዋታ አይታችሁ የማታውቁ ካላችሁ፣ ሰዎቹ በመረብ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚመቷት ነገር ኳስ አይደለችም። ከዳክዬ ላባ የተሠራች፣ አፍንጫዋ ላይ ቡሽ ያላት፣ በእጅ ሲይዟት ያለች የማትመስል ቀላል ነገር ናት። ተጫዋቾቹ ሸትል ይሏታል፤ እኔ ላባ ነው የምላት። የኮሎራዶ አየር ከመድረቁ የተነሳ ላባዋ ሁለት ሦስቴ ስትመታ እንክትክት ትላለች። ስለዚህ ላባዎቹ የታሸጉበትን ረጅም ቱቦ ከላይና ከታች ከፍቶ፣ እንፋሎት ላይ ለጥቂት ሰከንድ ይዞ፣ መልሶ መክደን ነው። ይህን ያስተማረችኝ አሰልጣኛችን ናት። መጀመሪያ ቀን አበዛሁትና ላባው ሁሉ እንደ ጎመን ተቀቅሎ ወጣ። አልተቆጣችም። ቱቦውን ተቀብላ አየችውና "ሾርባ" ብላ ሄደች።

አዳራሹ ፒዮሪያ ስትሪት አጠገብ ነው፤ ድሮ የዕቃ መጋዘን ነበር። ስምንት ሜዳ አለው፣ ከታች አረንጓዴ ምንጣፍ ተነጥፎበታል። እኔ በሩ ላይ ነኝ። ሰው እመዘግባለሁ፣ ስልክ አነሳለሁ፣ ምንጣፉን እወለውላለሁ፣ የውጭ ጫማ አድርጎ የሚገባውን እቆጣለሁ። ከዚህ በፊት ዘጠኝ ዓመት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሰው ሳነሳና ስገለብጥ ኖሬ ወገቤ በቃኝ አለ። መቆጣት ደግሞ ድሮም እወዳለሁ፤ የቁጣ ሥራ አገኘሽ ይሉኛል የሚያውቁኝ።

አሰልጣኟ ጃፓናዊት ናት። ዕድሜዋ ወደ እኔው ነው፣ አርባ ምናምን። አጭር ናት፣ ብዙ አታወራም፣ ስትራመድ ኮቴዋ አይሰማም። በፊት ፕሮፌሽናል ነበረች አሉኝና አላመንኩም። "በዚች ላባ ሰው እንጀራውን ይበላል?" ብዬ ጠየቅኳት፣ ፊት ለፊት። ይበላል አለችኝ። የምናወራው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሁለታችንም ካደግን በኋላ የተማርነው ስለሆነ እርስ በርሳችን ከአሜሪካኖቹ በተሻለ እንግባባለን። ታሪኳንም የሰማሁት እንዲሁ በየጠዋቱ፣ ማፍያው አጠገብ ቆመን፣ በቱቦ በቱቦው ነው።

በአገሯ ተጫዋች ማለት የድርጅት ሠራተኛ ማለት ነው። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ድርጅት መልምሎ ወሰዳት። እስከ ምሳ ሰዓት የድርጅቱን ሸሚዝ ለብሳ ወንበር ላይ ትቀመጥና ስልክ ታነሳለች። የሚያናግራት ሰው የማያያት መሆኑን እያወቀች፣ ስልኩን ይዛ ጎንበስ ቀና ትላለች፤ ሁላችንም እንደዚያ ነን አለችኝ። ከምሳ በኋላ በአውቶቡስ ወደ ጂም፣ ከዚያ እስኪመሽ ልምምድ። በዕድሜ ትንሽ የሆነ ቀድሞ ይደርሳል፣ ወለል ይወለውላል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ላባ ይሸከማል፣ ሲናገር ደግሞ መጨረሻ ነው። እሷ ትንሽ ነበረች። ጥንድ ሆና የምትጫወተው በሦስት ዓመት ከምትበልጣት ልጅ ጋር ነበር። ታላቋ ከኋላ ሆና በኃይል ትመታለች፤ እሷ ከፊት መረቡ ሥር እየተሽሎከለከች ትጨርሳለች። አሥራ አንድ ዓመት አብረው ተጫውተዋል።

"ከባሌ ጋር እንኳ ያን ያህል አልቆየንም" አለችና ሳቀች።

ኢንዶኔዥያ፣ ማሌዥያ፣ ዴንማርክ፣ ያልሄደችበት የለም። ያየችው ግን ጂምና ሆቴል ብቻ ነው። "ዴንማርክ እንዴት ነው?" ስላት አሰብ አድርጋ "ምንጣፋቸው ጥሩ ነው" አለችኝ። ለምን እንደተወችው ስጠይቃት "ጥንዴ ተጎዳች" ብላ ክዳኑን ገጠመችና ወሬው እዚያ ላይ አበቃ። ከዚያ ሌላ ሰው ሰጧት፣ አልሆነም፤ አገባች፤ የባሏ ሥራ ወደ ኮሎራዶ አመጣት። የማውቀው ይህንን ብቻ ነበር።

አሁን እትዬ ይግቡ።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናቸው። በመካከላችን አሥራ ስድስት ዓመት አለ። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ስድስት ዓመቴ ነበር። ያሳደጉኝ፣ ያስተማሩኝ፣ ኋላም ወደዚህ አገር ያመጡኝ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ አንቱ ነው የምላቸው። ጓደኞቼ "እህትሽን አንቱ?" እያሉ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ሞንትቤሎ የሚባል ሰፈር ውስጥ ትንሽ ቤት አላቸው፤ ሥራቸው ቫን መንዳት ነው። አዛውንቶችን ከየቤታቸው እያነሱ ወደ ኩላሊት እጥበትና ወደ ሐኪም ቀጠሮ ያደርሳሉ፣ መልሰው ያመጣሉ። በዚህ አገር ሲነዱ አንድም ቀን ቲኬት ተጽፎባቸው አያውቅም፤ ይህንን ሳይናገሩ የሚውሉበት ቀንም የለም። ሽማግሌዎቹ ሌላ ሹፌር ሲላክላቸው ያኮርፋሉ። እትዬ በዚህ ዓለም የሚኮሩበት አንድ ነገር ቢኖር ያ መሪ ነው።

አንድ ማክሰኞ መኪናዬ ጋራዥ ገብታ እትዬ ሊወስዱኝ መጡ። ቀድመው ስለደረሱ ወንበር ስቤ ሰጠኋቸውና የሴቶቹን የጀማሪዎች ሰዓት ተቀምጠው ሲያዩ ቆዩ። "ይሄማ ዝንብ ማባረር ነው" አሉ። አሰልጣኟ ቋንቋውን ባታውቅም ፊታቸውን አንብባ ራኬት አቀበለቻቸው። እትዬ በዚያ ረጅም ቀሚሳቸው፣ ቦርሳቸውን በአንገታቸው እንዳጠለቁ ተነሱ። የመጀመሪያዋን ሳቷት። ሁለተኛዋን ግን ጥርት አድርገው መቷትና መረቡን አሻገሯት። እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። እንደዚያ ሲስቁ ያየኋቸው መቼ እንደነበር ማስታወስ አቃተኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማክሰኞና ሐሙስ፣ በሥራቸው መካከል ባለችው ክፍት ሰዓት፣ እትዬ መምጣት ጀመሩ። ከቀሚሳቸው ሥር የስፖርት ሱሪ መልበስ ጀመሩ፤ ቀሚሱን ግን አላወለቁም። የሚጫወቱት ከእኔ ጋር ነው። ሌላ ሰው ሲሰጧቸው "ከማላውቀው ሰው ጋር አልሮጥም" አሉ። አሰልጣኟ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ላባዋ አልቆም ብላ ርቃ እንደምትሄድ ስታስረዳ ተረጎምኩላቸው። "ይሄ ነው ከፍታ? እኛ ከዚህ በላይ ነው ያደግነው በያት" አሉኝ። አልኳት። ጎንበስ ብላ እጅ ነሳቻቸው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እትዬ ስለሷ ክፉ ቃል አይወጣቸውም።

የኛ ጥፋት ግን ወዲያው ነው የታየው። በጥንድ ጨዋታ ላባዋ በሁለት ሰው መካከል ስትመጣ ጀማሪዎች ሁሉ እኔ እኔ ብለው ይጋጫሉ፤ ራኬት ይሰበራል፣ ክንድ ይላላጣል። እኔና እትዬ አንድም ቀን ተጋጭተን አናውቅም። መሃላችን የመጣች ላባ ሁሉ መሃላችን ትወድቃለች። እኔ ለእሳቸው እተዋለሁ፣ ታላቅ ናቸው። እሳቸው ለእኔ ይተዋሉ፣ ትንሽ ናት፣ ትምታ፣ ደስ ይበላት። ላባዋ ወርዳ ምንጣፉ ላይ ትተኛለች፣ እኛ ከላይ ሆነን "ውይ!" "የኔ ጥፋት ነው!" "የለም የኔ ነው!" እንባባላለን። በመረቡ ማዶ ያሉት ሴቶች ነጥባቸውን ይዘው ዞር ይላሉ።

አሰልጣኟ ብዙ ታገሠችና አንድ ቀን ጨዋታውን አስቆመች። "በር ላይ የቆማችሁ ነው የምትመስሉት" አለች፤ "ቅደሚ፣ የለም ቅደሚ እየተባባላችሁ፣ ሁለታችሁም ውጭ ቀራችሁ።"

"ባህላችን ነው" አልኳት፣ ትንሽ ኮራ ብዬ።

"የኛም ነው" አለች። አልሳቀችም። "መሃል የመጣውን የሚወስደው ይጮኻል። ታላቅ ቢሆን፣ ታናሽ ቢሆን። ትጮኺያለሽ።"

ፀጉሬን እየፈተሉ የሠሩኝ ሴትዮ ላይ እንዴት አድርጌ ልጩህ? እትዬ ራሳቸው "ጩኺ እንጂ፣ ምን ይለኛል!" ይሉኛል። ሞከርኩ። "እትዬ፣ እባክዎን ይተዉልኝ" ብዬ ስጨርስ ላባዋ ወድቃ ቆይታለች። አንድ ቀን ደግሞ ጨክኜ "የኔ!" አልኩ። እትዬ ደንግጠው ክንዳቸውን ሰበሰቡ፣ እኔም ደንግጬ ሳትኳት። ከጨዋታው በኋላ ውሃቸውን እየጠጡ "ድምፅሽ እንዲህ ወፍራም ነው እንዴ?" አሉኝ። ሁለተኛ አልጮህኩም።

ሁለት ወር ያህል ካለፈ በኋላ ነው ሌላው ነገር የገባኝ። ሰው ላባ ሲስት ቢያንስ ይንቀሳቀሳል፤ ክንዱን ይዘረጋል፣ ይዘገያል፣ ይሰናከላል። እትዬ ግን በግራ በኩል የምትመጣባቸውን ላባ ቆመው ነው የሚያሳልፏት፣ ምንም እንዳልመጣባቸው ሰው። ላባዋ ጠብ ስትል ድምፁን ሰምተው ዞር ይሉና "መጥታ ነበር እንዴ?" ይላሉ። አንድ ቀን ሲሆን ድካም ነው አልኩ። በየቀኑ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ ከእሳቸው አልነቀል አለ። የቫኑ የግራ መስታወት ተላልጧል፤ "ምሰሶው ነው የመጣብኝ" አሉኝ። ቤቴ ሲመጡ በግራቸው ያስቀመጥኩላቸውን ብርጭቆ አጥተው ሌላ ይጠይቃሉ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አንዲት ሴት በግራቸው ሆና ሰላም ብትላቸው ዝም ብለዋት አለፉ፤ ሴትዮዋ እስከ ዛሬ ታኮርፋለች። እኔ ያን ሁሉ አየሁ።

ምን አደረግኩ? ቦታ ቀየርኩ። ወደ እሳቸው ግራ ጠጋ ብዬ መቆም ጀመርኩ። በዚያ በኩል የምትመጣውን ላባ ሳትደርስባቸው በፊት እኔ እየቀደምኩ አነሳታለሁ፤ ድምፅ የለም፣ ጩኸት የለም። በጣም ጎበዝ ሆንኩ። ማሸነፍ ጀመርን። በዚያው ሰዓት የሚጫወቱት ቬትናማውያን ሴቶች ያጨበጭቡልን ጀመር። እትዬም በደስታ ሰከሩ። "ይሄ ጨዋታ እኮ ዓይኔን አፈጠነው" አሉኝ አንድ ቀን መኪና ውስጥ፣ እየነዱ። እኔ በቀኛቸው ተቀምጬ መንገዱን በግራ በኩል እያየሁላቸው ነበር። "ፈጠነ" አልኳቸው።

አትፍረዱብኝ አልልም፤ ፍረዱ። ነገሩ ግልጽ ነበር። ከተናገርኩ እትዬ ያን መሪ ያጣሉ። ካልተናገርኩ ደግሞ ያ ቫን ባዶውን አይደለም የሚሄደው። ይህን እያወቅኩ፣ ለታላቄ "አያዩም" ማለት አቃተኝ። በልጅነቴ የጫማዬን ማሰሪያ ላሰሩልኝ ሰው "እርስዎ ከአሁን በኋላ አይችሉም" የሚል ቃል ከአፌ አልወጣ አለ። ይሉኝታ ይሉታል፤ እኔ አሁን ፍርሃት ነው የምለው።

አንድ ሰኞ ጠዋት ማፍያው ጋ ቆመን አሰልጣኟ ቱቦውን እንፋሎት ላይ እንደያዘች፣ ሳታየኝ፣ "የእህትሽን ግራ መጠበቅ ከጀመርሽ ስንት ጊዜሽ ነው?" አለችኝ።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"አየሁ እኮ። ሥራዬ ነው።" ክዳኑን ገጠመች። "መኪና ትነዳለች?"

"ሰፈር ውስጥ ብቻ" አልኳት። ውሸቴን ነው። በዚያች ሰዓት እትዬ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ሦስት አዛውንት ጭነው ነበር።

አሰልጣኟ ሌላ ቱቦ አነሳች፣ ግን አልከፈተችውም። ያን ጊዜ ነው የቀረውን የነገረችኝ።

መረቡ ሥር የሚጫወት ሰው ከኋላው ያለውን ጥንዱን አያይም። የሚያውቀው በኮቴው ነው። አሥራ አንድ ዓመት ከኋላዋ የሰማችው ኮቴ አንድ ቀን ተለወጠባት። ታላቋ ዘላ መታ ስትወርድ ግራ እግሯ ጥቂት ዘግይቶ ነው የሚያርፈው። ሌላ ሰው አይሰማውም፤ እሷ ሰማችው። ተረከዟ ላይ ያለው ጅማት እንደታመመ ገባት። ታላቋ ምንም አላለችም፣ እሷም አልጠየቀችም። ታናሽ ታላቋን "ታመሻል፣ አረፍ በይ" አትልም። ደግሞም ከተነገረ ድርጅቱ ጥንዶቹን ይለያያል፣ ለትልቁ ውድድር ያላቸው ቦታ ለሌሎች ይሰጣል፤ ያ ቦታ ታላቋ ከልጅነቷ ጀምሮ የጠበቀችው ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ እየሮጠች የታላቋን ላባዎች ማንሳት ጀመረች። አራት ወር። የስፖርት ጋዜጠኞቹ ትንሿ እንዴት ተሻሻለች እያሉ ጻፉ።

"ደስ ብሎኝ ነበር" አለችኝ። "ያን ነው የማልረሳው። ደስ ይለኝ ነበር።"

ከዚያ ወደ ትልቁ ውድድር ለማለፍ የሚወስነው ግጥሚያ መጣ። ሦስተኛው ጨዋታ ላይ አንዲት ላባ በሁለቱ መካከል ከፍ ብላ መጣች። ልትወስዳት ትችል ነበር፣ ጩኸቱ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ታላቋ ግን ስትነሳ ኮቴዋን ሰማች። ታላቅ ናት፤ ተወችላት። ቀጥሎ የሰማችው እንጨት ሲሰበር ዓይነት ድምፅ ነው። ዞር ስትል ታላቋ መሬት ላይ ሆና ወደ ኋላዋ ታያለች። ማን እንደረገጣት እየፈለገች ነበር። ጅማት ሲበጠስ ሰው ከኋላ የመታው ይመስለዋል። ከኋላዋ ግን ማንም አልነበረም።

ታላቋ ሁለተኛ አልተጫወተችም። ቢሮ ገብታ ያንን ስልክ ማንሳት ቀጠለች። "ሆስፒታል ስሄድ ይቅርታ ጠየቀችኝ" አለች አሰልጣኟ። "እሷ። እኔን። ያሸነፍሽውን አበላሸሁብሽ ብላ። እኔ ዐውቅ እንደነበር አልነገርኳትም። አሁንም አታውቅም። በየአዲስ ዓመቱ ካርድ ትልክልኛለች፤ ጤናሽን ጠብቂ ይላል። አሥራ አምስት ካርድ አለኝ።"

ቱቦውን ከፍታ እንፋሎቱ ላይ አደረገችው። እኔም በውስጤ ተናደድኩባት። ምን አገባት? የሷ ጨዋታ ነው፣ የኔ እህቴ ናት እያልኩ ምንጣፉን እንደ ጠላቴ ፈተግኩት።

እሑድ ሞንትቤሎ ሄድኩ፣ ልነግራቸው። የጓሮ ሣራቸውን አጭጄላቸው ተመለስኩ። የሚቀጥለው እሑድም ሄድኩ። የወጥ ቤት ቧንቧ አሠራሁላቸው። "ምን ነካሽ፣ እንዲህ ደግ የሆንሽው?" አሉኝ። ሳቅኩና ወጣሁ። በመካከሉ በየቀኑ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ማን እንደሆነ ሳላይ አነሳለሁ።

ከዚያ በአዳራሹ ውስጥ የጀማሪዎች ውድድር የተደረገበት ቅዳሜ መጣ። እትዬ አዲስ ጫማ ገዝተው ነበር። ተጋጣሚዎቻችን ኔፓላውያን ነበሩ፣ አማትና ምራት። አሰልጣኟ ዳር ወንበር ላይ ተቀምጣ ነጥብ ትይዛለች። የመጀመሪያውን ጨዋታ እንደለመድኩት ወደ ግራቸው ተጠግቼ፣ እየሮጥኩ፣ እያለከለክኩ አሸነፍን። ውሃ ልንጠጣ ስንወጣ አሰልጣኟ አየችኝ።

ሁለተኛው ላይ ቦታዬ ላይ ቆምኩ። ደንቡ ቁሚ የሚለኝ ቦታ ላይ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ምናልባት እኔ መናገር ያቃተኝን ላባዋ ትናገርልኝ ብዬ ነው። ምራትየዋ ብልህ ነበረች፣ በሦስት ምት ገባት። ወደ እትዬ ግራ ላከች። ጠብ። እንደገና ላከች። ጠብ። እትዬ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ "ምነው ደከመሽ?" አሉኝ። ከዚያ መሳቅ ተዉ። ጠብ። አንደኛዋ ላባ ግራ ጫማቸው አጠገብ ወደቀች። እትዬ ጎንበስ ብለው ፈለጓት። ከፊታቸው ፈለጉ፣ ወደ ቀኝ ፈለጉ። ላባዋ ጫማቸውን ልትነካ ምንም አልቀራትም። ሄጄ አንስቼ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ቀና ብለው አዩኝ።

እንደዚያን ዕለት አፍሬ አላውቅም። ብቻቸውን አስቀምጬ በሁለት ቃል መናገር ያቃተኝን፣ ሰው ፊት አቁሜ አሳየኋቸው። የተሸነፍነው በስንት እንደሆነ እንኳ አላስታውስም። እትዬ የአማትየዋን እጅ ጨበጡ፣ የምራትየዋን ጨበጡ፣ ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ።

ተከትያቸው ስወጣ መኪናቸው ውስጥ ገብተው መሪውን ይዘው ተቀምጠዋል። በግራቸው፣ በሹፌሩ መስኮት በኩል ሄጄ ቆምኩ። አላዩኝም። አንድ ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ ነኝ፣ ፀሐዩ ቦግ ብሏል፣ እትዬ አላዩኝም። መስታወቱን ሳንኳኳ ዘለው ደነገጡ። ያኔ የነበረኝ ምክንያት ሁሉ ጠፋ።

"እትዬ፣ በግራ በኩል አያዩም!" አልኩ። ጩኸት ሆኖ ነው የወጣው። ፓርኪንጉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። "ቁልፉን ይስጡኝ! ሰኞም አይነዱም!"

በሩን ከፈቱ፣ ግን አልወረዱም።

"ወር አልፎታል" አሉኝ። "ፓርክ ሂል ጋ፣ ከኮልፋክስ ስታጠፍ፣ አንድ ባለ ብስክሌት በግራ መጣ። ከየት እንደመጣ አላየሁም። ፍሬን ስይዝ ኋላ ያሉት ሴትዮ ከወንበራቸው ሊወድቁ ቀበቶው ያዛቸው። ማንም አልተጎዳም። ለማንም አልተናገርኩም።"

"እና ለምን..."

"ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቺን ነበር የማየው" አሉ። ድምፃቸው አልተቆጣም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "ላባው በግራዬ ይመጣል፣ አንቺ ታነሺዋለሽ። ክፉ ነገር ቢሆንማ እሷ ትነግረኝ ነበር እላለሁ። ማንም ባይነግረኝ እሷ ትነግረኛለች። አንቺ ዝም ስትዪ ጊዜ፣ ደህና ነኝ ማለት ነው ብዬ ነዳሁ።"

ቁልፉን አወጡና እጄ ላይ አስቀመጡ። ወርደው መኪናውን በፊት በኩል ዞረው በቀኝ ገቡ። እኔ ወንበሩንና መስታወቶቹን አስተካክዬ መሪውን ያዝኩ። እስከ ሞንትቤሎ ድረስ እኔ ነዳሁ።

ሰኞ ጠዋት ራሳቸው መሥሪያ ቤታቸው ደውለው አልመጣም አሉ። ሐኪሙ ግላኮማ ነው አለ። የሄደው የዓይናቸው ብርሃን አይመለስም፤ የቀረውን ግን በየቀኑ ጠብታ እያደረጉ ማቆየት ይቻላል። ዓመት ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ የቀረው ከዚህ ይበልጥ ነበር አለ፤ ወደ እኔ ነው ያየው ወይስ ለኔ መሰለኝ፣ እንጃ። አሁን እትዬ እዚያው መሥሪያ ቤታቸው ውስጥ ተቀምጠው ለሹፌሮቹ ስልክ ያነሳሉ። አልወደዱትም። ሽማግሌዎቹ ግን እየደወሉ እሳቸውን አገናኙን ይላሉ። ጨዋታውን ግን አልተዉም። በቀኝ በኩል ይቆማሉ፣ መሃል የሚመጣው ሁሉ የኔ ነው፣ እኔም እጮሃለሁ። ድምፄ ወፍራም ነው፤ ለምደውታል።

ለአሰልጣኟ የነገርኳት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፣ ማክሰኞ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ሥራ ጨርሼ ልወጣ ስል። ስለ ሐኪሙ ነገርኳት፣ ራሷን ነቀነቀች። እትዬ መኪናው ውስጥ ያሉኝንም እንደወረደ ተረጎምኩላት። እጇ ላይ የነበረውን ቱቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"እንደገና በዪው" አለችኝ።

"አንቺ ዝም ስትዪ ጊዜ፣ ደህና ነኝ ማለት ነው ብዬ ነዳሁ።"

ሰዓቷን አየች፤ በእነሱ አገር ጠዋት ነው፣ ቢሮ የሚከፈትበት። ስልኳን ይዛ በኋላ በር ወጣች።

እትዬ መኪናዬ ውስጥ እየጠበቁኝ ነበር፣ በቀኝ ወንበር። ገብቼ ሞተሩን ሳስነሳ በፊት ለፊታችን አሰልጣኟ ከግድግዳው ሥር ቆማለች። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ትናገራለች፣ ታቆምና ታዳምጣለች፣ ከዚያ ጎንበስ ትላለች። ቀና ብላ እንደገና ጎንበስ አለች፣ ከወገቧ፣ እስከ ታች። ቆየች እንደዚያ።

"ለማን ነው እንዲህ እጅ የምትነሳው?" አሉ እትዬ።

"ለታላቋ። አንድ የምትነግራት ነገር ነበር።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"አሥራ አምስት ዓመት።"

እትዬ ቀበቷቸውን አሠሩ። "እስከ ዛሬ ምን ትጠብቅ ነበር?" አሉኝ።

"እኔ የጠበቅኩትን" አልኳቸውና በግራ ሰው አለመኖሩን አይቼ ወጣሁ።